ባዝራዋ ያረፈችበት መስመር

— ሄሎ... ሄሎ፣ ሶስና? ... ማን? ... ውይ፣ እትዬ እታለማሁ ነዎት እንዴ። በሶስና ስልክ ስለደወሉ እሷ መስላኝ ነው። እንደምን ዋሉ? ... እግዚአብሔር ይመስገን። ... እኛም ደህና ነን። ዛሬ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ገባሁ።

— አባዬ፣ እህትህ ናት። ... እህትህ ናት እኮ፣ ከዳንግላ። ... እንዴት ብዬ ነው የለም የምላት፣ አጠገቤ ተቀምጠህ?

— አይ፣ እርስዎን አይደለም እትዬ። ከአባዬ ጋር ነው የማወራው። ... አዎ፣ እዚሁ እንጅባራ ነው። ጠዋት ከዘንገና መጣ። ... ኧረ አላመመውም። ደህና ነው። ትንሽ ብርዱ ነው እንጂ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

— እሁድ? ... እሱን ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል። ... እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ጠዋት ሲመጣ "ከሠርጉ አልገኝም" ነበር የሚለው። አሁን ደግሞ እንደዚያ አይልም። ይምጣ አይምጣ ገና አልገባኝም።

— ይገባኛል። ... ይገባኛል እትዬ። አባቷ በሕይወት ቢኖር ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ... ምን አለች? ... "የማንን ጉልበት ልሳም ነው" አለች? ሶስና? ... እሷ አሁን ትሰማናለች? ... ለልብሱ ልኬት ሄዳ ነው። እሺ። ስልኳን ትታልዎት መሄዷ አውቃ ነው እትዬ፤ እሷን አያውቋትም እንዴ።

— አባዬ፣ "ጥር ሳያልቅ ልጄን ልድር ነው፤ ከአጎቷ ሌላ አባት የላትም" እያለች ነው። ... ሰምተሃል። እሺ፣ ሰምተሃል።

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? ... አሁን ደህና ነው። ... እትዬ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ስለሆንኩ ልናገር? ... አባዬን የቆረቆረው ኅዳር ላይ በዘመድ ተዝካር ላይ ያሉት ነው። ዘመዱ ሁሉ በተሰበሰበበት። "አባታችን ያወረሰኝን ባዝራ በልጅ ጫማ ዋጋ ወሰደብኝ" ያሉት። ... ብለዋል እንጂ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ዳሱ ውስጥ ሳህን እያቀረብኩ። ... አይ፣ አልተቆጣሁም፤ እኔ ምን ቤት ነኝ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። "በሕይወቴ ሰው አታልዬ አላውቅም፤ እህቴን ነው የማታልል?" ይላል። በሚኒባስ ይለዋል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለዋል፣ ለማንም ይለዋል።

— ፍርድ? ... ማን ነው ፍርድ ያለዎት? ... ምንይችል? ወንድሜ ያጋንናል። "እህቴ ማስተዋል በኮምፒዩተር ትፈርዳለች" ብሎ? ... ፍርድ አይደለም እትዬ። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ዳኛ አይደለሁም።

— ይሁን፣ ልንገርዎት። ከመጀመሪያው ልንገርዎት። በትርፍ ጊዜዬ የገበያ ዋጋ ንባብ እየተማርኩ ነው። ሰዎች ወርቅ፣ ነዳጅ፣ የውጭ ገንዘብ ሲገዙና ሲሸጡ፣ ዋጋው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዩበት ፕሮግራም አለ። ዋጋውን በየቀኑ ነጥብ በነጥብ ይስለዋል፤ እኛ ደግሞ በነጥቦቹ ላይ መስመር እንስባለን። የአዝማሚያ መስመር ነው የሚባለው። ... አይ፣ አልነግድም። የመለማመጃ ገንዘብ ነው ያለኝ፤ ልጆች በቆርኪ እንደሚጫወቱት ይቁጠሩት። ... አይከስርም፣ አይተርፍም። ልምምድ ነው።

— እና አባዬ አንድ ቀን መጥቶ ሳለ አየው። የወርቅ ዋጋ ላይ መስመር እየሳብኩ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና፣ "ይኼ ነገር የፈረስ ዋጋ ያውቃል?" አለኝ። ... አዎ፣ እንደሱ ነው ያለው። አያውቅም፤ ቁጥሩን ከሰጡት ግን ይስለዋል አልኩት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እረፍት አልሰጠኝም። አገሩን ሁሉ ሲጠይቅ ከረመ። በአያቴ ዘመን ፈረስ ስንት ነበር፣ ደርግ ሲገባ ስንት ነበር፣ ሲወጣ ስንት ነበር...

— አይ፣ የእሱን ወዳጆች ብቻ አይደለም። ለእሱ እንዳያደላ ብዬ እኔም በኩሌ ጠይቄያለሁ። እዚያው ዳንግላ፣ የፈረስ ገበያ ደላላ የነበሩትን ሽማግሌ አግኝቻለሁ። ጋሪ የሚነዱትንም ጠይቄያለሁ፤ እነሱ ፈረስ በየጊዜው ስለሚገዙ አይረሱም። ሰው እኮ ዓመቱን ይረሳል እንጂ ዋጋውን አይረሳም። "ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት"፣ "ሁለተኛ ልጄ ክርስትና የተነሣ ዓመት" ይሉኛል፤ እኔ ዓመቱን ፈልጌ አስገባለሁ።

— ቆይ እትዬ፣ አባዬ የሆነ ነገር እያለኝ ነው። ... እሺ። ... እሺ፣ እደርስበታለሁ። መጨረሻውን አሁን አትናገሪ ትለኛለህ ወይስ ተናገሪ ትለኛለህ? አንዱን ምረጥ።

— "መጨረሻውን ንገሪያት" ይላል። እኔ ግን በቅደም ተከተሉ ልንገርዎት፤ አለዚያ ለአባቷ አደላች ይላሉ። ... አይሉም? ... ቢሉም አይፈረድብዎትም።

— መጀመሪያ በተለመደው ሚዛን ነው የሳልኩት። ግራፉ በጎኑ መሰላል አለው፣ የዋጋ መሰላል። በተለመደው መሰላል እያንዳንዱ እርከን እኩል ብር ነው፤ አሥር ሺህ፣ ሃያ ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ እያለ እስከ ዛሬው ስልሳ ሺህ ድረስ ይወጣል። ... አዎ፣ ደህና ጋላቢ ፈረስ ዛሬ ስልሳ ሺህ ነው። ... እንዲህ ሲሳል የድሮዎቹ ፈረሶች ሁሉ መሬት ላይ ተኙ። የአያቴ ፈረስ፣ የደርግ ጊዜው፣ የእርስዎ ባዝራ፣ ሁሉም ከታች ተለጥፈው አንዱ ከሌላው አይለይም። የቅርብ ዓመታቱ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ቆሙ። ... አዎ። እሱን ነው ያሉት እርስዎ። በዚያ ግራፍ ሲታይ አባዬ የከፈለዎት ስድስት መቶ ብር ምንም ነው። የልጅ ጫማ ነው።

— ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ መስመር ሳብኩ። እርስዎ ባዝራዋን በሰጡበት ዓመት፣ በሰማንያ ስምንት፣ መስመሩ የት ላይ ያልፋል ብዬ ሳይ ከሃያ ሺህ ብር በላይ ተንጠልጥሏል። አባዬ አየውና ፊቱ ጠቆረ። "እንግዲህ ሌባ ነኝ ማለት ነው" አለ። ተነሥቶ ሊወጣ ነበር፣ በሩ ላይ ይዤ መለስኩት። ... ይስቃሉ? ... እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም እትዬ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

— እሱን ነው እኔም ያልኩት። በዚያን ዓመት በሃያ ሺህ ብር ፈረስ የገዛ ሰው ከየት ይመጣል? ... ዳንግላ ላይ ቤት ይገዛ ነበር፣ አይደል? ... ስለዚህ ስህተቱ ከሰዎቹ አይደለም፣ ከመሰላሉ ነው አልኩ።

— ሌላ ዓይነት መሰላል አለ። ሎጋሪዝም ይባላል፤ ስሙ ግድ የለም። እዚያ እርከኑ በብር አይለካም፣ በእጥፍ ነው። ከመቶ ወደ ሁለት መቶ መውጣት አንድ እርከን ነው። ከሠላሳ ሺህ ወደ ስልሳ ሺህ መውጣትም ያው አንድ እርከን ነው፣ ቁመቱ እኩል ነው። ... እንዴት መሰለዎት፣ እርስዎ በርበሬ ሲነግዱ ዋጋው እጥፍ ሆነ ሲባል ገዢው የሚደነግጠው በእጥፉ ነው። ድሮ ዋጋው በሳንቲም ሳለ እጥፍ ሲሆን ይደነግጥ ነበር፣ ዛሬ በመቶ ብር ሲቆጠርም ይደነግጣል። ድንጋጤው እኩል ነው። ... አዎ፣ በቃ እሱ ነው። ገብቶዎታል።

— አንዲት ምልክት ነክቼ መሰላሉን ቀየርኩት። እትዬ፣ ያኔ ተኝተው የነበሩት ተነሡ። በየዓመታቸው ቆሙ። የአያቴ ፈረስ የራሱ ቦታ ነበረው፣ በድርቁ ዓመት የወረደው ዋጋ ታየ፣ መልሶ የወጣበት ታየ።  ያ ሁሉ ዘመን እኮ ለኖሩበት ሰዎች ጠፍጣፋ አልነበረም።

— ሄሎ? ... አለሁ። ... የእርስዎ ባዝራ? ወደሷ ልመጣ ነው።

— ቅድም የሳብኩት መስመር ሁለት ጫፎቹ እንደተሰኩ ነበሩ። መካከሉ ግን አሁን ሌላ ቦታ ያልፋል። በሰማንያ ስምንት ላይ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር አካባቢ ወረደ። ባዝራዋ አሁንም ከመስመሩ በታች ናት። ... አዎ፣ በዚህም ቢሆን እርስዎ ልክ ነዎት። የልጅ ጫማ አይሁን እንጂ ወንድምዎ ከግማሽ በታች ነው የከፈለዎት ማለት ነው። እሱን ለአባዬ ሳልነግረው አደርኩ፤ አልዋሽዎትም።

— አውቃለሁ አባዬ፣ ነግሬህ ነበር ጠዋት። ... እሷም ትስማው፣ ምን አለበት።

— ነጥቦቹን ደግሜ ስመለከት ግን አንድ ነገር አየሁ። እስከ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ድረስ ረጋ ብለው ነው የሚወጡት። ከዚያ ይታጠፋሉ፣ ቀና ብለው ይወጣሉ። ሁለት የተለያየ ዘመን ነው። እኔ በአንድ መስመር ሁለቱን ላስር ስሞክር ነበር። የመስመሩ አንዱ ጫፍ ዛሬ ላይ ተሰክቷል፤ እና ዛሬ ያንን ዓመት ወደ ላይ ይጎትተዋል። ታዲያ በሰማንያ ስምንት ዛሬን ማን ያውቅ ነበር? እርስዎም አያውቁም፣ እሱም አያውቅም። እርስዎ ባዝራዋን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ ሁለታችሁ የምታውቁት ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በኋላ ያለውን ሁሉ በወረቀት ሸፈንኩት።

— በእውነተኛ ወረቀት፣ አዎ። ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩበት። ከዚያ በግራ በኩል በቀሩት ነጥቦች ላይ ብቻ መስመር ሳብኩና እስከ ባዝራዋ ዓመት አስረዘምኩት።

— መስመሩ ላይ ነው እትዬ። ባዝራዋ መስመሩ ላይ ናት። ከላይም አይደለችም፣ ከታችም አይደለችም። የዚያን ቀን ዋጋ ነው የተሰጠዎት።

— ሄሎ?

— ሄሎ፣ እትዬ? ... ኔትወርኩ ነው ወይስ ዝም ብለው ነው? ... አሉ። እሺ። ... ቅር አለዎት?

— ያውቃሉ? ... ምኑን ነው የሚያውቁት? ... ዋጋው ትክክል እንደነበር? ... መቼ ነው ያወቁት? ... ያኔውኑ? ገና ብሩን ሲቀበሉ?

— እንግዲያው... እትዬ፣ እንግዲያው ለምንድን ነው በሰው ፊት...

— ቀስ ይበሉ። ... እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ በአገውኛ ሲፈጥኑ አይገባኝም። እኔ እኮ ቡሬ የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ነው ያደግሁት፤ ከሰላምታና ከዕቃ ስም ብዙም አላልፍም። ... "ገመድ" የሚለውን ሰማሁ። "በር" የሚለውንም። ሌላው አመለጠኝ። ... በአማርኛ አይወጣልኝም? ... ይሁን። ይሁን እትዬ፣ ታዲያ እንዴት እናድርግ? ድምፁን ከፍ ላድርገውና አባዬ ይስማው? ... ለእሱ ነው የሚሉት? ... እሺ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጨዋለሁ። ይበሉ።

— አባዬ፣ ስማ። ምንም አትናገር፣ ዝም ብለህ ስማ።

— ...

— ...

— አባዬ? ... ምን አለች? ... አባዬ፣ ጋቢውን ከፊትህ አንሣው፤ አልሰማህም። ምን አለች? ... መልስ እየጠበቀች ነው፣ እኔ ምን ብዬ ልመልስ? አንተ ካልነገርከኝ ማን ይነግረኛል?

— "ልሸጥ አልመጣሁም።" ... እንደዚያ ነው ያለችው? ... "ባሌ ታሞ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውሰጂው ተብዬ፣ እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም። ወንድሜን ለመለመን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ባዝራዋን ሰበብ አድርጌ ይዣት መጣሁ።" ... ቀጥል። ... "በሩ ላይ ሲያየኝ፣ 'የአባታችንን ባዝራ የት ልትወስጃት ነው፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ግቢ' ይለኛል ብዬ ነበር።" ... ቀጥል አባዬ፣ አይዞህ። ... "እሱ ግን ገመዱን ተቀበለኝና አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ።"

— ጥርሷን አየህ? ... እዚያው ቤታችሁ የተወለደችውን? ዕድሜዋን እያወቅኸው?

— ... እሺ። አልፈርድብህም። ጨርስልኝ ብቻ። ... "ሰው ልኮ የገበያውን ዋጋ አስጠየቀና ያንኑ ሰጠኝ። አንድ ብር አልጎደለም። ወንድም ብዬ ሄጄ ገዢ አገኘሁ።"

— ይኼ ነው ያለችው? ... ሌላ የለም?

— ሄሎ፣ እትዬ። አለሁ። ሰምቻለሁ፣ አባዬ ነገረኝ። ... አዎ፣ ራሱ ነው በአማርኛ የነገረኝ። ቃል በቃል። ... አዎ፣ የጥርሱንም።

— እኔማ ምን እላለሁ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ዋጋው ትክክል መሆኑን ላሳይዎት ስደክም... ያቃጠለዎት ትክክል መሆኑ ነው። ... ቢያታልልዎት ይሻል ነበር? ... "ቢያታልለኝ ተጣልቼ፣ ሽማግሌ ገብቶ እታረቀው ነበር።" ... እውነትዎን ነው። ልክ ዋጋ ከፍሎ በሄደ ሰው ላይ ሽማግሌ አይላክም።

— እና ተዝካሩ ላይ የልጅ ጫማ ያሉት... ገባኝ። ... ገባኝ። "ልክ ዋጋ ሰጠኝ" ብለው ቢያለቅሱ ማን ይረዳዎታል። ተታለልኩ ማለት ለሰው ይገባል። ...  

— ቆይ፣ አባዬ መናገር ጀመረ። ... ቀስ ብለህ ንገረኝ። ... "መታመሙን አልነገረችኝም" ይላል። ... ነግረውታል? ... አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። ... "ከባሏ ጋር ንግድ ልትጀምር መስሎኝ ነበር። አሳንሼ ብሰጣት እህቱን በላ ይሉኛል፤ አብልጬ ብሰጣት ባሏን መናቅ ይሆናል ብዬ ሦስት ሰው አስጠየቅሁ። ለማንም እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም።" ... እንዲህ ነው የሚለው እትዬ። ሲናገር ወደ እኔ አያይም፣ ወደ ስልኩ ነው የሚያየው።

— ምን አሉ? ... እሱም እውነት ነው፣ የእርስዎም እውነት ነው። እኔ የሁለታችሁንም በአንድ መስመር ማስገባት አልችልም።

— አባዬ፣ ምን? ... ከባዝራዋ ዘር? ... እትዬ፣ "ከባዝራዋ ዘር አንዲት ቆንጆ ዳማ ፈረስ አለች፤ ለሶስና ስጦታ እሁድ ይዣት ልምጣ" ይላል። ... እሺ። ... እሺ፣ ልንገረው።

— አባዬ፣ "ፈረስ አልፈልግም" ትላለች። ... አይ፣ አልተናደደችም። ቀስ ብላ ነው ያለችው። "አሁንም ሊከፍለኝ ነው" ትላለች። ... እኔን አትየኝ። እኔም ብሆን እንደሷ ነው የምለው። ያኔ በገበያው ዋጋ ከፈልክ፤ ዛሬ ደግሞ በዛሬው ዋጋ ልትከፍል ነው። እሷ እኮ የሸጠችልህ ነገር የለም። አንድ ነገር እንድትጠይቃት ነበር የመጣችው።

— አለሁ እትዬ። ... አይ፣ አልሄደም። ተቀምጧል። ... እያሰበ ነው መሰለኝ። ቆብ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ... ይጠብቁታል? ... እሺ። 

— ...

— ምን አልክ? ... ጮክ በል፣ ራስህ በላት፤ ትሰማሃለች እኮ። ... እሺ፣ እሺ፣ እኔ ልበላት።

— እትዬ፣ አባዬ አንድ ነገር ይጠይቃል። "ባሕር ዳር ስትሄጂ ማን አብሮሽ ነበር?" ይላል።

— ... ማንም?

— ሶስናን አዝለው? ... በዚያን ጊዜ ስንት ወሯ ነበር... ጡት እየጠባች። ... የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው ያደሩት? በብርድ? ... ሰው አላገኙም? ... ከቋሪት የመጣች አንዲት ሴት። ጨርቋን ከፍላ አለበሰቻችሁ። ... ስሟን እንኳ አልጠየቋትም።

— አባዬ፣ ሰማህ? ... ሰምቷል እትዬ። ... ይቀጥሉ ይላል። "ንገሪኝ" ይላል። ከዚያስ? እሱ ነው "ከዚያስ" የሚለው። ... "የባልሽን ሬሳ በምን አመጣሽው?" ይላል። ... በጭነት መኪና። ሹፌሩ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ። ... እና እርስዎ ከኋላ። ከሬሳው ጋር። ... ልጅቷም።

— አባዬ፣ ልቅሶው ላይ መጥተህ ነበር አይደል? ... መጥቶ ነበር እትዬ፣ ያስታውሳል። ... "መጣ፣ ከሰው ጋር ቆሞ አለቀሰ፣ ከሰው ጋር ተመለሰ።" ... አዎ። ... እህ። ... እየሰማ ነው። በሙሉ እየሰማ ነው። ...  እጁን ስልኩ ላይ አድርጓል። ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ ላይ። የሚናገር ነው የመሰለኝ...

— እትዬ? ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ እትዬ፣ ድምፅዎ ተቆራረጠብኝ። ... "እሁድ" ያሉትን ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን... ሄሎ? ይሰሙኛል? ... ሄሎ?

— ተቋረጠ።

— አይ አባዬ። አይ፣ እሷ አልዘጋችውም። ኔትወርክ ነው፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ... ተቆጥታ አይደለም እልሃለሁ። በመካከል እኮ ነው የጠፋው፣ ገና እያወራች። ... ምን ልትል እንደነበር እኔም አልሰማሁም።

— እኔ ልደውል? ... አይ፣ እኔ አልደውልም። እኔ የነበረኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ... እውነቴን ነው፣ አልደውልልህም። ያንተን ስልክ አውጣ። ... እዚያ ኪስህ ውስጥ ነው። ... የሶስናን ቁጥር ከስልኬ እያየሁ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትነካለህ። ዜሮ... ዘጠኝ... ቀስ በል፣ አትቸኩል። ሌላው ደግሞ አንድ... አዎ፣ እሱን ነው። ... አሁን አረንጓዴውን።

— ጠራ?

— በል እንግዲህ፣ በአገውኛ አናግራት። እኔ ውጭ በረንዳው ላይ ነኝ።